ነጭ ፈሳሽ፦ በጤናና በሕመም መካከል የተሰመረው መስመር ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከወጣ ወዲህ አንዳንድ ባልደረቦቼ «ሌላ ርእስ ጠፍቶ ነው?» ብለውኛል። ርእስ አልጠፋም። ስለ ሴት ብልት ፈሳሽ በአደባባይ መናገር ነውር ሆኖ መቆየቱ ራሱ የታሪኩ አንድ ክፍል ስለሆነ ሆን ብዬ የመረጥሁት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

በራሴ ስሕተት ልጀምር። ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ፣ ከከተማ ራቅ ባለ አንድ ጤና ተቋም ውስጥ፣ ዕድሜዋ ከሃያ ሦስት የማይበልጥ አንዲት ባለትዳር ሴት ወደ እኔ ገባች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ «ፈሳሽ አለኝ» አለችኝ። ደጅ ላይ ያለው ወረፋ ረዥም ነበር፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የሕክምና መመሪያ ደግሞ አጭር። «ያሳክክሻል?» አልኋት። «የለም» አለች። «ይሸታል?» «የለም ዶክተር። ወር አበባዬ ከሄደ በኋላ፣ የወሩ መካከል ላይ ይመጣል፤ ሦስት አራት ቀን ቆይቶ ይጠፋል።» እኔ ግን «ፈሳሽ» የሚለውን ቃል ከሰማሁ በኋላ ሌላውን መስማት አቁሜ ነበር። ሦስት ዓይነት መድኃኒት ጻፍሁላት፤ ባለቤቷም መጥቶ እንዲታከም የሚጠራ ወረቀት ጨመርሁበት። ወረቀቱን ይዛ ጥቂት ቆመች። «ይህን ስሰጠው ምን ልበለው?» ብላ ጠየቀችኝ። የመለስሁላትን አላስታውስም፤ ቀጣዩን ታካሚ መጥራቴን ግን አስታውሳለሁ። በቀጠሮዋ ቀን አልመጣችም።

ያቺ ሴት የነገረችኝ ሕመም አልነበረም። እንቁላል ከእንቁልጢ በሚወጣበት ሰሞን የማህፀን በር የሚያመነጨውን፣ እንደ እንቁላል ነጩ ክፍል ጥርት ያለና የሚለጠጥ ፈሳሽ፣ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ በተሻለ ቋንቋ ገልጣልኝ ነበር። እውቀቱ በራሴ ውስጥ ነበረ፤ ፈተናም አልፌበታለሁ። ታዲያ ለምን አልሰማኋትም? ይህ ጥያቄ ነው ሐኪሙን ወደ ታሪክ መጻሕፍት የወሰደው።

ለማሳየት የምሻው አንድ ነገር ነው። ከሴት ብልት የሚወጣ ፈሳሽ ለብዙ ሺህ ዓመታት በራሱ እንደ በሽታ ሲቆጠር ኖሯል። ጤናማ ፈሳሽ አለ፣ እንዲያውም ጠባቂ ነው የሚለው ሐሳብ በቤተ ሙከራ ማስረጃ ተደግፎ ከተጻፈ ገና ከመቶ ሠላሳ ዓመት ብዙም አልዘለለም። መስመሩ በተሰመረ ቁጥርም እጁን የያዘው ያ ዘመን አብዝቶ ይፈራው የነበረው ነገር ነው።

ከቃሉ ልነሣ። በአማርኛ «የማህፀን ፈሳሽ» እንላለን፤ ፈሳሹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከማህፀን አይመጣም። ከብልት ግድግዳ የሚወዛ እርጥበት፣ ከማህፀን በር የሚመነጭ ዝልግልግ፣ የረገፉ ሴሎችና ባክቴሪያዎች ተቀላቅለው የሚሠሩት ነው። ብልትን በስሙ መጥራት ስለሚያሳፍረን «ማህፀን» በሚለው ቃል እንሸፍነዋለን። በዚህም የተነሣ የውስጥ ልብሷ ላይ ጥቂት እርጥበት ያየች ሴት «ማህፀኔ ታመመ» ብላ የመውለድ ተስፋዋ እንደተነካ ትሰጋለች። ለጨዋነታችን የምትከፍለው እርስዋ ናት። የሐኪሞቹ የግሪክ ቃል «ሉኮሪያ»ም ቢሆን «ነጭ ፍሳሽ» ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውም፤ ምልክቱን ወስዶ የበሽታ ስም ያደረገ ቃል ነው።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15 የወንድም የሴትም ፈሳሽ ከንጽሕና ሥርዐት ጋር ተያይዞ ተደንግጓል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የምናገኛትን፣ አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችውን ሴት የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም፤ ያላትን ሁሉ ለሐኪሞች ከፍላ አንዳች እንዳልረባት ወንጌላዊው ጽፏል። እነዚህ ንባቦች በሴቷ በኩል የሚናገሩት ስለ ደም ነው፤ ነጩ ፈሳሽ ሌላ ነገር ነው። በሕዝብ አእምሮ ግን «የሚፈስሳት ሴት» የሚለው ሥዕል ሁለቱን ሳይለይ የኖረ ይመስለኛል። ስለ ፈሳሽ ሲነሣ ሐፍረቱ ከሕመሙ ቀድሞ የሚደርሰው ከዚህም የተነሣ ሊሆን ይችላል።

የጥንት ሐኪሞችም ከዚህ ብዙ አልራቁም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1800 ገደማ የተጻፈውና በ1889 ፍሊንደርስ ፔትሪ ግብፅ ውስጥ ላሁን በተባለ ስፍራ ያገኘው ፓፒረስ ስለ ሴቶች ሕመም ከተጻፉት እጅግ ጥንታዊ ሰነዶች አንዱ ነው። ከሚያዛቸው ሕክምናዎች መካከል ጢስ መሞቅ ይገኝበታል። (እዚህ ላይ የወይባ ጢስ ትዝ ያላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም።) በሂፖክራጥስ ስም የሚታወቁት የግሪክ ጽሑፎች የሴት ሥጋ እንደ ባዘቶ ልልና ውሃ የሚመጥ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር፤ የተጠራቀመው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ይታመማል፣ ሲወጣም ፈሳሽ ይሆናል። ቀዩን ፈሳሽ ከነጩ ለይተዋል፤ ሕክምናው ግን ያው ሰውነትን ማድረቅና ማጥራት ነበር። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው የኤፌሶኑ ሶራኖስ ከቀደሙት ይልቅ ጠንቃቃ ነበር፤ እርሱም ቢሆን ፈሳሽን ያየው እንደሚታከም ነገር ነው። አመለካከቱን ለመለወጥ ፈሳሹን ከሴቲቱ ለይቶ መስታወት ላይ ማኖር ያስፈልግ ነበር።

ይህ የሆነው ፓሪስ ውስጥ ነው። በፖምፔ ፍርስራሽ የተገኙ የብልት መመርመሪያ መሣሪያዎች ሮማውያን ስፔኩለምን እንደሚያውቁት ይመሰክራሉ፤ ሆኖም መሣሪያው ወደ ሆስፒታል ሥራ በሰፊው የተመለሰው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በፈረንሳዊው ሬካሚዬ እጅ ነው። ከዚያ በኋላ አልፍሬድ ዶኔ የተባለ ወጣት ሐኪም ከታካሚዎች ብልት የወሰደውን ፈሳሽ ትኩስ እንደሆነ በማይክሮስኮፕ አየ። በ1836 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ዘገባም የሚንቀሳቀስ፣ ጅራፍ መሰል ክሮች ያሉት፣ በዓይን የማይታይ ፍጡር ማግኘቱን አስታወቀ። ዛሬ ትሪኮሞናስ ቫጂናሊስ የምንለው ነው። ጥገኛ ተህዋሱ ሲገለጥ ፓስተር ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እንደነበረ ልብ በሉ፤ «ተህዋስ በሽታ ያመጣል» የሚለው ትምህርት ሳይጻፍ ተህዋሱ ታይቶ ነበር።

ዘመኑ የሚፈራው የአባላዘር በሽታን ነበር። ዶኔም መጀመሪያ ላይ ይህ ፍጡር የአባላዘር በሽታ ምልክት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ተስፋ አደረገ፤ ኋላ ግን ያ በሽታ በሌለባቸው ሴቶችም ዘንድ ሲያገኘው ሐሳቡን ለወጠ። ሐሳቡን መለወጡን እንደ ሐቀኝነት እቆጥርለታለሁ። ውጤቱ ግን የሚያስገርም ነው፤ ትሪኮሞናስ ለሰማንያ ዓመታት ያህል ጉዳት የሌለው እንግዳ ተደርጎ ተቆጠረ። ጀርመናዊው ሄነ በ1916 የብልት ቁጣ እንደሚያስነሣ እስኪጽፍ፣ አሜሪካውያኑ ትረስልና ፕላስም በ1940 ንጹሕ ዘሩን በሴቶች ላይ ሞክረው እስኪያረጋግጡ ድረስ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ስንት ሴቶች አረንጓዴ ቢጫ፣ አረፋ ያለው፣ የሚያቃጥል ፈሳሽ ይዘው «ምንም የለብሽም» ተባሉ? ጤነኛዋን ታመምሽ እንደ ማለት ሁሉ የታመመችውን ጤነኛ ነሽ ማለትም የዚሁ መስመር ስሕተት ነው።

ዶኔ ሌላም ብዙ ያልተዘመረለት ነገር አድርጓል። የቀለም መለወጫ ወረቀት ተጠቅሞ የብልት ፈሳሽ አሲድነት እንዳለው፣ ከማህፀን በር የሚመጣው ግን የአሲድ ተቃራኒ እንደሆነ ጻፈ። አንዲት ቁራጭ ወረቀት አካሉን ለሁለት ከፈለችው፤ የአሲድነቱን ምክንያት የነገረን ግን ሌላ ከተማ ነው።

የዚያችን ከተማ ነገር ለመረዳት በመጀመሪያ ወደ ቪየና ጎራ ማለት ያስፈልጋል። በ1847 ኢግናዝ ዜመልቫይስ በሚሠራበት የማዋለጃ ክፍል ውስጥ በሚያዝያ ወር ብቻ ከወለዱት ሴቶች ከ18 በመቶ በላይ የሚሆኑት በአራስ ትኩሳት ሞቱ። ሐኪሞችና ተማሪዎች አስከሬን ከመረመሩ በኋላ እጃቸውን በክሎሪን ኖራ እንዲታጠቡ ካደረገ በኋላ ቁጥሩ በጥቂት ወራት ወደ 2 በመቶ አካባቢ ወረደ። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እምብዛም የማይነገረው ግን ክርክሩ በዚህ አለመቋጨቱ ነው። መርዙ ከሐኪሙ እጅ ብቻ ነው የሚመጣው? ወይስ ሴቲቱ በራሷ ብልት ውስጥ ይዛው ትመጣለች? ሁለተኛው መልስ ለሐኪሞች የሚያጽናና ነበር፤ ጥፋቱን ከእነርሱ እጅ ወደ እርስዋ አካል ያዛውራልና። ተግባራዊ ውጤትም ነበረው፤ ብልቷ የመርዝ ምንጭ ከሆነ ከመውለዷ በፊት በፀረ ተህዋስ መታጠብ ይኖርበታል። በዚያ ዘመን በብዙ የአውሮፓ ማዋለጃዎች ይህ ይደረግ ነበር።

በላይፕዚግ ይሠራ የነበረው አልበርት ዶደርላይን የብልት ፈሳሽንና ከአራስ ትኩሳት ጋር ያለውን ግንኙነት የተመለከተ መጽሐፉን በ1892 ያሳተመው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው። የነፍሰ ጡር ሴቶችን ፈሳሽ ሰበሰበ፣ በአጉሊ መነጽር አየ፣ አበቀለ፣ አሲድነቱን ለካ። ከዚያም ለሁለት ከፈለው። አንደኛው ነጭ፣ የረጋ ወተት የሚመስል፣ አሲድነቱ የበረታ፣ በውስጡም ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት በትር መሰል ባክቴሪያ ብቻ ያለበት ነው። ይህን ጤናማ አለው። ሁለተኛው ቢጫና ቀጭን፣ አሲድነቱ የደከመ ወይም የጠፋ፣ ብዙ ዓይነት ተህዋስያን የሞሉበት ነው። ይህን ሕመም ያለበት አለው። በትር መሰሉ ባክቴሪያ ላክቲክ አሲድ እንደሚያመነጭ፣ አሲዱም ሌሎች ጎጂ ተህዋስያንን እንዳያድጉ እንደሚያደርግ አሳየ።

የኢትዮጵያ ተማሪ ይህን ለመረዳት ላይፕዚግ መሄድ አያስፈልገውም፤ እናቱ ወተት ስታረጋ አይቷል። ወተቱን እርጎ የሚያደርጉት ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች የዶደርላይን በትሮች ዘመዶች ናቸው። እርጎ ከወተት ይልቅ ሳይበላሽ የሚቆየው አሲዱ ሌላውን ተህዋስ ስለሚከለክል ነው። ብልትም ራሱን የሚጠብቀው በዚሁ ጥበብ ነው። ስለዚህ «ንጹሕ» ማለት ደረቅ ወይም ተህዋስ የሌለበት ማለት መሆኑ ቀረ፤ ትክክለኛው ተህዋስ የሰፈረበት ማለት ሆነ። በሕክምና ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ የሐሳብ መገልበጥ ጥቂት ነው።

ነገር ግን መስመሩ ለምን እንደተሰመረ አንርሳ። ዶደርላይን የጠየቀው «ይህች ሴት ምን ይሰማታል?» ብሎ ሳይሆን «ይህች ሴት ከመውለዷ በፊት ትታጠብ ወይስ አትታጠብ?» ብሎ ነው። ሕመም ያለበት የተባለው ፈሳሽ ባለቤት ምንም ላይሰማት ይችላል፤ ለሐኪሙ ግን አደገኛ ተብላ ተመድባለች። በዚያው በላይፕዚግ የነበሩት ክረኒግና ሜንገ ወዲያው ተቃወሙ። በ1897 ባሳተሙት ሥራ ብልት የገባበትን ባዕድ ተህዋስ በራሱ ኃይል እንደሚያስወግድ አሳዩ፤ ክረኒግም መድኃኒት ያለበት እጥበት ይህን ራስን የማጽዳት ኃይል እንደሚያዳክም ተከራከረ። እኔ በዚህ ክርክር የክረኒግ ወገን ነኝ። ሆኖም በመማሪያ መጻሕፍት የጸናው የዶደርላይን ስምና ሁለት ሣጥኑ ነው፤ ሣጥን ለማስተማር ይቀላልና።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1934 ክሩክሻንክና ሻርማን ሰንሰለቱን በሚገባ አያያዙት፦ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የብልትን ግድግዳ ያደልባል፣ በሴሎቹ ውስጥ ግላይኮጅን የተባለ ስኳር ይከማቻል፣ ከዚያም ላክቲክ አሲድ ይገኛል። ሕፃናት ልጃገረዶችና የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶች የአሲድነታቸው መጠን ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው። በመውለድ ዕድሜ ያለች ሴት በቀን ከ1 እስከ 4 ሚሊ ሊትር የሚሆን ፈሳሽ ቢኖራት፣ መጠኑም በእርግዝና ጊዜና በወር ዑደቷ መካከል ቢጨምር፣ ቀለሙ ጥርት ያለ ወይም ነጭ ቢሆን፣ ሲደርቅም ልብስ ላይ ወደ ቢጫ ቢያደላ ይህ የአካሏ ሥራ ነው። ፈሳሹ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ሲሆን፣ የዓሣ ሽታ ሲያመጣ፣ እንደ አይብ ፍርፋሪ ሆኖ ሲያሳክክ፣ ከደም ሲቀላቀል፣ ከታችኛው ሆድ ሕመም ወይም ከትኩሳት ጋር ሲመጣ፣ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ እንደ አዲስ ሲጀምር ግን ሐኪም ማየት ይገባል።

እዚህ ላይ ስሟ በርእሶች ውስጥ የማይታይ አንዲት ሴት ላስታውስ። ግሪካዊው ጆርጅ ፓፓኒኮላው በ1917 ከስቶካርድ ጋር የጊኒ አሳማዎችን የብልት ፈሳሽ እየመረመረ የመራቢያ ዑደታቸውን መከታተል ቻለ። በሰው ላይ ለመቀጠል ሲያስብ ለዓመታት በየቀኑ ማለት ይቻላል ፈሳሿን ለምርመራ የሰጠችው ባለቤቱ አንድሮማኪ ናት። የማህፀን በር ካንሰርን ቀድሞ ለማወቅ ዓለም የሚጠቀምበት ምርመራ ከዚህ ሥራ ወጣ። ጤነኛ ሴት በየቀኑ ፈሳሽ እንዳላት፣ ያም ከቀን ቀን እንደሚለዋወጥ፣ ከእርስዋ በላይ የሚመሰክር የለም።

ቤተ ሙከራ ይህን ሲያውቅ ገበያው ተቃራኒውን ያስተምር ነበር። በአሜሪካ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ላይሶል የተባለው የወለል ማጽጃ ለሴቶች የውስጥ እጥበት ተብሎ በመጽሔቶች ይተዋወቅ ነበር፤ ማስታወቂያዎቹ ባሏ የሸሻትን ሚስት እያሳዩ ጥፋቱን በሽታዋ ላይ ያሳብቡ ነበር። ዛሬ በየከተማችን ሱቆች «የሴቶች ማጽጃ» ተብለው የሚሸጡትን ባለ ሽቶ ፈሳሾች ባየሁ ቁጥር ያ ማስታወቂያ ትዝ ይለኛል። ብልት በውስጥ በኩል መታጠብ አያሻውም፤ እጥበቱ የሚያጠፋው ጠባቂዎቹን ነው።

በ1955 በሂውስተን ኸርማን ጋርድነርና ቻርልስ ዱክስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ምክንያቱ ያልታወቀ የብልት ብግነት» ይባል የነበረውን ትልቅ ቁልል ከፍተው አዩት። ግራጫ፣ ቀጭን፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካላቸው ሴቶች አንድ ባክቴሪያ ለይተው በሽታው የእርሱ ነው አሉ። ለማረጋገጥ ያደረጉት ሙከራ ዛሬ የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚፈቅደው አይደለም፤ ባክቴሪያውን በጤነኛ ሴቶች ብልት ውስጥ አኖሩ። ንጹሕ ዘሩን ከተቀበሉት 13 ሴቶች የታመመችው 1 ብቻ ናት። የታመሙ ሴቶችን ፈሳሽ እንዳለ ከተቀበሉት 15 ግን 11ዱ ታመሙ። ሁለቱ ሰዎች ጥፋተኛውን ያዝን አሉ፤ ቁጥሮቻቸው ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ። አንድ ባክቴሪያ ብቻውን ብዙም አያደርግም፤ በሽታው የማኅበሩ ሁሉ መፍረስ ነው። «አንድ በሽታ፣ አንድ ተህዋስ» በሚል ትምህርት ያደገ ትውልድ በገዛ ሠንጠረዡ ላይ የተጻፈውን ሳያነብ ማለፉን ሳይ ያቺ ወጣት ሴት ትዝ ትለኛለች። እኔም የተነገረኝን አላነበብሁም።

ባክቴሪያው በ1980 ለጋርድነር ክብር ጋርድኔሬላ ተባለ፤ የሕመሙ ስም ግን ከእርሱ ተለየ። በ1983 አምሰልና ባልደረቦቹ አራት መለኪያዎች አወጡ፦ ቀጭንና ወጥ የሆነ ፈሳሽ፣ ከ4.5 በላይ የሆነ ፒ.ኤች.፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመርበት የሚነሣ የዓሣ ሽታ፣ በባክቴሪያ የተሸፈኑ የብልት ሴሎች። ከአራቱ ሦስቱ ከተገኙ በቂ ነው። በ1984 ደግሞ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የሚለው ስም ጸደቀ፤ የነጭ ደም ሴሎች መብዛት ስለማይታይበት ብግነት ከሚለው ስም እንዲርቅ ተፈልጎ ነው። በ1991 የወጣው የኑጀንት መለኪያ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ 7ና ከዚያ በላይ ሕመም፣ 3ና ከዚያ በታች ጤና፣ በመካከሉ ያለው ደግሞ መካከለኛ ነው። ይህ መካከለኛ የሚለው ቃል ከዶደርላይን ሁለት ሣጥኖች በኋላ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ የመጣ ሐቀኛ ቃል ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው መመሪያ ልመለስ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት ቤተ ሙከራ ለሌላቸው ጤና ተቋማት በምልክት ላይ የተመሠረተ ሕክምና የሚባለውን ዘዴ አስፋፋ፤ አገራችንም ተቀብላዋለች። ዘመኑ የሚፈራው ኤች አይ ቪን ነበር። የአባላዘር በሽታዎች የቫይረሱን መተላለፍ ስለሚያፋጥኑ ታካሚዋ መድኃኒቷን በዚያው ቀን ይዛ እንድትሄድ ይፈለግ ነበር። ሐሳቡ ሰብአዊ ነው፤ ከብልቱ መግል ለሚወጣው ወንድም በሚገባ ሠርቷል። ለሴቶች ግን «የብልት ፈሳሽ» የሚለው ምልክት ጨብጥንና ክላሚዲያን የሚያመለክተው በደካማው ነው። ከእነዚህ የአንዱ ተሸካሚ የሆኑ ብዙ ሴቶች ምንም ፈሳሽ አያዩም፤ ፈሳሽ ብለው የሚመጡት አብዛኞቹ ደግሞ ቫጂኖሲስ ወይም ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ያለባቸው፣ ወይም እንደዚያች ሴት ጤነኞች ናቸው። ሁለቱም ሕመሞች የባል ክሕደት ማስረጃ አይደሉም። የጥሪ ወረቀቱ ግን ይህን አይናገርም፤ ቤት ሲደርስ ክስ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ምርመራ በሚገኝበት ሁሉ ጨብጥና ክላሚዲያ በምርመራ እንዲለዩ መክሯል። ምርመራው እስኪደርስልን ጥያቄው ይቀድማል፤ ጥያቄ ደግሞ መሣሪያ አይጠይቅም።

አንድ ያልተቋጨ ነገር አለ፤ በተለይ ለምርምር ተማሪዎቻችን የምተወው ይህን ነው። በ2011 ራቬልና ባልደረቦቹ በሰሜን አሜሪካ ምንም ሕመም የማይሰማቸውን 396 ሴቶች የብልት ባክቴሪያ በዘር ቅንጣት ምርመራ አጠኑ። የዶደርላይን ዓይነት ባክቴሪያ የገነነባቸው ከነጮቹ ወደ 90 በመቶ፣ ከእስያ ተወላጆቹ ወደ 80 በመቶ ሲሆኑ፣ ከጥቁሮቹና ከላቲን አሜሪካ የዘር ሐረግ ካላቸው ወደ 60 በመቶ ብቻ ነበሩ። የጥቁሮቹ ሴቶች መካከለኛ ፒ.ኤች. 4.7 ነው፤ የአምሰል መለኪያ የሕመም ምልክት ከሚለው ወሰን በላይ ማለት ነው። ታዲያ ከአሥር አራቱን ጤና እየተሰማቸው ታመማችሁ እንበላቸው? ወይስ መስመሩ የተሰመረው የሌሎችን ሴቶች አካል አይቶ ነው?

አንዳንዶች ይህን ይዘው «ለአፍሪካውያት ይህ የተፈጥሮ ነው፤ ተዉት» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በ1997 በኡጋንዳ ራካይ የተደረገ ጥናት የብልት ባክቴሪያ መዛባት ከኤች አይ ቪ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል፤ ነገሩ ዝም የሚባል አይደለም። በሌላ በኩል ዶደርላይን ላይፕዚግ ላይ የጻፈውን ጎንደር ላይ ማጽናት ሳይንስ አይመስለኝም። የሚያስፈልገው የእኛን ሴቶች፣ ጤነኞቹን፣ ከወር እስከ ወር መከታተል ነው፤ አንድሮማኪ እንዳደረገችው። ለተማሪዎቼ ይህን ሳነሣ «ማን ፈቃደኛ ይሆናል?» ይሉኛል። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ለማታውቀው ወጣት የወሯን መካከል የነገረችው ሴት ፈቃደኛ ነበረች።

ዛሬ አንዲት ታካሚ «ፈሳሽ አለኝ» ስትለኝ ብዕሬን አስቀምጬ «ከመቼ ጀምሮ? በወሩ በየትኛው ቀን? አንቺስ ምን ይመስልሻል?» እላለሁ። ብዙዎቹ መልሱን ይዘው ነው የሚመጡት። አሁን የእናንተን ጥያቄ ልስማ።